ከሙዝ ካርቶን የወጡ ሦስት መጻሕፍት፦ የጥገናና የንባብ ማስታወሻ ከድሬዳዋ

1ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ከመጨረሻው መደርደሪያ ጀርባ አንድ የሙዝ ካርቶን አለ። የተገነጠሉ መጻሕፍት ማረፊያ ነው። ጠጋኝ ስለሌለ እዚያ የገባ መጽሐፍ አይወጣም። ዛሬ ሦስት አወጣሁ፤ አንድ የምግብ አዘገጃጀት፣ አንድ የእጅ ሥራ፣ አንድ ልብ ወለድ። ከቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ጋር የተስማማነው ቀላል ነው። እኔ እጠግናቸዋለሁ፣ እስክጨርስ ድረስ የመመለሻ ቀን አይቆጠርብኝም። እየጠገንኩ አነባቸዋለሁ። የምግቡንና የእጅ ሥራውን ደግሞ የሚሉትን ሠርቼ አያለሁ።

ያሉበትን ሁኔታ ልመዝግብ።

የምግቡ መጽሐፍ ሽፋን የለውም። ጥራዞቹን፣ ማለትም አንድ ላይ የታጠፉትን የቅጠል እጥፎች፣ የያዘው ክር ዘይት ጠጥቶ በስብሷል። የሽሮና የምስር ወጥ ገጾች ከቅባት ብዛት በስተጀርባቸው ያለው ጽሑፍ ይነበባል። የእንጀራው ገጽ ላይ የደረቀ ሊጥ አለ፤ በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ። የኬኩ ክፍል ግን ገና ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስላል። ሁለት ቅጠሎች ጭራሽ ጫፋቸው አልተቆረጠም፣ እንደተጣበቁ ናቸው። ሰው በዚህ መጽሐፍ ምን ሲያበስልበት እንደኖረ ሳልጠይቅ አወቅሁ።

የእጅ ሥራው መጽሐፍ ስለ ስንደዶ ስፌት፣ ስለ ጥልፍና ስለ ኪሮሽ ነው። ጀርባው፣ ገጾቹ የሚያያዙበት በኩል፣ መሀል ለመሀል ተሰንጥቋል። አንድ ደግ ሰው ሊያድነው ብሎ ስኮች ለጥፎበታል። ስኮቹ ቢጫ ሆኗል፤ ፕላስቲኩ ተነሥቶ ሙጫው ብቻ ቀርቷል።

ልብ ወለዱ ፍቅር እስከ መቃብር ነው። የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች የሉም። የቀረው ከጀርባው እየተላቀቀ በላስቲክ ታስሮ ነው የተቀመጠው።

የገዛሁት፦ ግማሽ ኪሎ ነጭ የአናጢ ኮላ 180 ብር፣ አንድ ሜትር አቡጀዲ 140፣ ወፍራም የጥጥ ክርና መርፌ 90፣ ሁለት ብሩሽ 120። አምስት ጧፍ 50። ሁሉንም ከቀፊራና ከታይዋን ገበያ ነው ያገኘሁት። ወስፌ የእናቴ አለ። ካርቶን ከሱቅ በነፃ።

2ኛ ሳምንት

በእጅ ሥራው ጀመርኩ። ከሦስቱ ቀላሉ እሱ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ስኮቹን ማንሣት። በጥፍር ሲጎተት ፊደሉን ይዞ ይመጣል። አንድ ገጽ ላይ ሁለት መስመር ጠፋብኝ። ከዚያ ለምን ሙቀቱን አልጠቀምበትም አልኩ። ቀትር ላይ ገጹን መስኮት ላይ ፀሐይ አስመታሁት። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ሙጫው ለሰለሰ። ስኮቹ እየተጠቀለለ በቀስታ ተነሣ፣ ወረቀቱም አልተቀደደም። ሁለተኛውን ገጽ ግን ግማሽ ሰዓት ረሳሁት፤ ተጠቅልሎ ደረቀ። ዐሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አይሆንም።

ቀጥሎ ኮላው። የከሸፈብኝ እዚህ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ 36 ዲግሪ ይላል። ጀርባውን ኮላ ስቀባ የጀመርኩበት ጫፍ ጨርሼ ሳልመለስ ቆዳ ያወጣል። ቶሎ እንዳይደርቅ ብዬ አበዛሁት። የበዛው ወደ ውስጥ ሰርጎ ስድስት ቅጠሎች አጣበቀ። በጠዋት ስከፍታቸው ሁለቱ ተሰነጠቁ። የጥልፍ ሥዕል ያለበት ገጽ ነበር፤ በጣም አዘንኩ።

ከዚህ በኋላ የወሰንኩት ሁለት ነገር ነው። ኮላ የሚነካ ሥራ ሁሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳይበረታ። ኮላውም በውሃ ቀጠን ብሎ፣ ሁለት ጊዜ በስሱ። አንድ ጊዜ ወፍራም መቀባት የለም።

ሽፋኑም ጠመመብኝ። ከሱቅ የመጣውን ካርቶን ቆርጬ አቡጀዲ አለበስኩት። ማታ ቀጥ ያለ ነበር። ጠዋት እንደ ምጣድ አክንባሎ ጎብጦ አገኘሁት። ምክንያቱን ያገኘሁት እዚያው መጽሐፍ ላይ ነው፤ ስለ ካርቶን ሣጥን አሠራር የሚናገር አንድ አንቀጽ አለው። ወረቀትና ካርቶን ቃጫ አለው፣ ቃጫው ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። እርጥበት ሲነካው የሚያብጠው በወርዱ ነው እንጂ በቁመቱ አይደለም። ስለዚህ የሽፋኑም የገጹም ቃጫ ከጀርባው ጋር ትይዩ፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች መሄድ አለበት። መለያው ቀላል ነው። ካርቶኑን በሁለቱም በኩል በቀስታ ጎበጥ ማድረግ፤ በቀላሉ እሺ የሚልበት መታጠፊያ የቃጫው አቅጣጫ ነው። እኔ በተቃራኒው ነበር የቆረጥኩት። ሁለት አዲስ ጠንካራ ካርቶን በ75 በ75 ብር ገዝቼ እንደገና ሠራሁ።

ስለ መጽሐፉ እስካሁን ያለኝ አስተያየት፦ የካርቶኑ አንቀጽ ብቻ ዋጋውን ከፍሏል። የኪሮሹ ክፍል ደግሞ ግሩም ነው። እያንዳንዱ ዙር ስንት ዓይን እንዳለው ተቆጥሮ ተጽፏል። ጎረቤቴ ሁለት ማታ ተውሳው የሶፋ ልብስ ጀመረችበት። የስፌቱን ክፍል ገና አልሞከርኩትም።

3ኛ ሳምንት

ኮላን ለጀርባ ብቻ ልተወው፣ የተቀደደ ገጽ ለመለጠፍ ግን የዱቄት ሙጫ ይሻላል አልኩ። ከወረቀቱ ጋር ይለሰልሳል። ቢበላሽም በእርጥበት ይነሣል፤ ኮላ ከደረቀ በኋላ አይነሣም። የእጅ ሥራው መጽሐፍ መጨረሻ ገጽ ላይ አሠራሩ አለ፦ «ዱቄቱን በፈላ ውሃ ላይ ጨምሮ ማማሰል»። እንዳለው አደረግሁ። ጓጎለ። በወንፊት አጠለልኩት፣ የቀረው ውሃ ብቻ ሆነ። ሁለተኛውም ጓጎለ።

እናቴ ቡና ልታፈላ ገብታ ድስቱን አየችና «ይሄማ አብሲት ነው፤ በቀዝቃዛ ሳትበጠብጪው ነው እንዴ የጨመርሽው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እንጀራ የሚጋግር ሰው ሁሉ ይህን ሙጫ መሥራት ይችላል። አንድ ስኒ የፉርኖ ዱቄት በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ጉብታ እስኪጠፋ መበጥበጥ። አራት ስኒ ውሃ ማፍላት። እሳቱን ቀነስ አድርጎ በጥብጡን በቀጭኑ እያንቆረቆሩ ማማሰል። መጀመሪያ ነጭ ነው። ከዚያ ድንገት ይከብዳል፣ ያንጸባርቃል፣ ማንኪያው መንገድ እየተወ ይሄዳል። ያኔ ማውረድ። ስታርቹ የሚፈነዳው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ቢወርድ ዱቄት እንጂ ሙጫ አይደለም። አብሲትም ሊጡን የሚያያይዘው በዚሁ መንገድ ነው።

ብዙ አልሠራም አሁን። በድሬ ሙቀት በማግስቱ ይኮመጥጣል። ትንሽ ቅርንፉድ ቀቅዬ ውሃውን ጨመርኩበት፣ አንድ ቀን አራዘመልኝ። በረሮ እንዳይወድደውም ብዬ ነው።

ለተቀደዱት ገጾች ስስ ወረቀት ያስፈልጋል። የጫማ ካርቶን ውስጥ ጫማው የሚጠቀለልበት ነጩ ወረቀት ጥሩ ሆነ። ከአንድ ጫማ ሱቅ በነፃ ሰጡኝ። በጣት ስፋት፣ በመቀስ ሳይሆን በእጅ ቀድዶ መለጠፍ። የተቀደደ ጠርዝ ገጹ ላይ አይታይም፤ በመቀስ የተቆረጠ ግን መስመር ይሠራል።

ስለ አብሲት ካነሣሁ፣ የምግቡን መጽሐፍ እንጀራ ሞከርኩት። «ሊጡ ሦስት ቀን ይቀመጥ» ይላል። ሦስት ቀን አስቀመጥኩት። ላዩ ላይ ያቆረው ውሃ ጠቁሮ ነበር። ሽታው ከኩሽና አልፎ ሳሎን ደረሰ። እንጀራው ዓይን አውጥቷል፣ ግን ጥርስ ያጠርሳል። እናቴ አንድ ጉርሻ ቀምሳ ተወችው። መጽሐፉን የጻፈው ሰው የሚኖረው ደጋ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። እዚያ እርሾው በሦስት ቀን የሚሠራውን እዚህ በአንድ ቀን ተኩል ይጨርሰዋል። ሁለተኛውን ማታ አቡክቼ በማግስቱ ሌሊቱን አሳድሬ ጠዋት ጋገርኩ። ጥሩ ሆነ።

መጽሐፉ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። ለሚያውቀው አየር ትክክል ነው። ግን «ቀኑን ሳይሆን የቋጠረውን ውሃና ሽታውን እዩ» የሚል አንድ መስመር ቢኖረው ለሁላችንም ይሆን ነበር።

ሌላው የምግቡ መጽሐፍ ችግር «ብርጭቆ» ነው። «ሁለት ብርጭቆ ሽሮ፣ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት።» የትኛው ብርጭቆ? የሻይ ብርጭቆዬ ከውሃ ብርጭቆዬ ግማሽ አይሞላም። ሁለቱንም ሞክሬ ለሽሮው የውሃ ብርጭቆ፣ ለዘይቱ የሻይ እንደሆነ ደረስኩበት። በዘይት የነኩት ሰዎች ሁሉ ይህን ሳይጽፉ በየራሳቸው ደርሰውበታል። የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

በጣም የወደድኩት ደግሞ ሽንኩርት ያለ ዘይት ማቁላላትን የሚገልጽበት መንገድ ነው። ውሃውን ጨርሶ ወደ ድስቱ መያዝ ሲጀምር በጠብታ ውሃ እያላቀቁ መቀጠል፣ ሲቀላ ብቻ ዘይት። ድምፁ ከ«ሽሽሽ» ወደ «ጭስስ» ሲለወጥ ማለት ነው ብሎ ጽፎታል። ድምፅ የሚጽፍ የምግብ መጽሐፍ ብዙ አላየሁም።

4ኛ ሳምንት

የምግቡ መጽሐፍ ስፌት። ለዚህ ነው ጧፍ የገዛሁት።

የምግብ መጽሐፍ ትልቁ ጣጣ አለመዘርጋቱ ነው። እጅ በሊጥ ተሞልቶ ገጹ ይከደናል። ሰው ማሰሮ ይጭንበታል፣ ጀርባው ይሰነጠቃል፣ ሙዝ ካርቶን ይገባል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ ስፌት ፈለግሁ።

እሱ ስፌት ደግሞ እኛው ጋ አለ። የድሮ የብራና መጻሕፍት ጀርባቸው ላይ ሙጫ የለም። ክሩ እያንዳንዱን ጥራዝ ከበታቹ ካለው ጥራዝ ጋር እንደ ሰንሰለት እያጠላለፈ ይወጣል፣ ጫፉ ከእንጨት ገበታው ጋር ይታሰራል። ስለዚህ የትኛውም ገጽ ላይ ቢከፈት ይተኛል። ቄሱ በአትሮንስ ላይ ዘርግተው እጃቸውን አንሥተው የሚያነቡት ለዚህ ነው።

አሥራ ሁለት ጥራዝ ነው ያለው። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ በወስፌ ስድስት ቀዳዳ በሳሁ። ቀዳዳዎቹ እንዳይዛነፉ አንድ ካርቶን ላይ ልኬቱን ምልክት አድርጌ ሁሉንም በሱ በሳኋቸው። ክሩን ጧፉ ላይ ሦስት ጊዜ ጎተትኩት። ጧፍ የንብ ሰም ስለሆነ ክሩን ያለሰልሰዋል፣ አይቋጠርም፣ ካለበት አይንሸራተትም። የሱቅ ሻማ ሞክሬ ነበር፤ ይፈረፈራል።

ስህተት አንድ፦ ክሩን ወደ ላይ ሳብኩ። ሦስተኛው ጥራዝ ቀዳዳው ተቀድዶ ወደ መስመር ተለወጠ። ክር የሚሳበው ወደ ጀርባው ቁመት አቅጣጫ ነው፤ ወረቀቱን ወደሚቀድድበት አይደለም። የተቀደደውን በስስ ወረቀት ጠገንኩና ሲደርቅ እንደገና በሳሁት።

ስህተት ሁለት፦ ክሩ ወፍራም ነበር። በአሥራ ሁለት ጥራዝ ላይ ሲደራረብ ጀርባው ከፊቱ ጣት ያህል ወፈረ። መጽሐፉ ሽቅብ ቆመ። ፈታሁት። ሦስት ማታ ነው የሄደው። በቀጭን ክር ደገምኩት፣ አሁን ልክ ነው።

ከመጨረሻው ጥራዝ ቀጥሎ ስምንት ገጽ ባዶ ወረቀት ጨምሬ ሰፋሁበት። ይህን ከቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ አስፈቅጃለሁ፤ በእርሳስ ብቻ ይሁን አለች። መጽሐፉ ሁልበት መረቅ፣ የአብሽ መረቁ፣ የለውም። ጣፋጩ ሙሸበክም የለውም። ድሬ ሰው ምሳው ላይ የሚበላው ሩዝ አንድ ገጽ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ለታመመ ሰው። የመጀመሪያውን ባዶ ገጽ እኔ ጀመርኩት፦ «እንጀራ፣ ለድሬ፦ ከግንቦት እስከ መስከረም አንድ ቀን ተኩል ይበቃል። ብርጭቆ ሲል ለሽሮ የውሃ፣ ለዘይት የሻይ ነው።»

መጫኛ አልነበረኝም። ከተሰፋ በኋላ አንድ ሌሊት ከባድ ነገር ሥር ማደር አለበት። ጎረቤታችን የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ግቢው ውስጥ ምስማር የሚያቃናበት ክንድ የማይሞላ የሀዲድ ቁራጭ አለው። «አንተ፣ ያ ብረትህ ለአንድ ሳምንት ያስፈልገኛል» አልኩት። (አዲስ አበባ ያደገች የአክስቴ ልጅ በዕድሜ አባቴ የሚሆነውን ሰው አንተ ስል ሰምታ ደነገጠች። ድሬ ላይ ክብር በዚያ አይለካም።) «አቦ ውሰጂው! እግርሽ ላይ እንዳይወድቅ ብቻ» አለኝ፣ ራሱም ተሸክሞ አመጣልኝ። በሁለት እንጨት መሀል መጽሐፉን አድርጌ ሀዲዱን ጫንኩበት። አንድ ትውልድ ባቡር የተሸከመ ብረት ነው። መጽሐፉ በጠዋት እንደ ጡብ ቀጥ ብሎ ነበር።

5ኛ ሳምንት፣ ሐረር

የእጅ ሥራውን መጽሐፍ የስፌት ክፍል በሁለት ማታ ሞክሬ መነሻው ላይ ተሸነፍኩ። መጽሐፉ የመጀመሪያው ሥዕል ላይ ስንደዶውን በእጅ የያዘች ሴት ያሳያል። ሁለተኛው ሥዕል ላይ መሀሉ ተሠርቶ ዐሥር ዙር ሄዷል። መሀሉ እንዴት ተጀመረ? የለም። ስንደዶው የሚጠቀለልበትን ሣር፣ አክርማውንም «አንድ ሰዓት ውሃ ውስጥ ይነከር» ይላል፤ ነከርኩት። አንድ ዙር ሳልጨርስ እጄ ላይ ደርቆ ተሰበረ።

ቅዳሜ በጠዋት በሚኒባስ ወጣሁ። ደንገጎን ስንወጣ አየሩ ተለወጠ፣ ሰው መስኮት መዝጋት ጀመረ። ጁገል ውስጥ ስፌት ከሚሸጡት እናቶች አንዷ ዘንድ ቁጭ አልኩ። መጽሐፉን አሳየኋቸው። ገጹን አገላብጠው «ልጄ፣ መነሻው የታለ?» አሉኝ። እኔም የምለው እሱን ነው አልኳቸው።

ያሳዩኝ ይህ ነው። አራት አምስት የስንደዶ ዘለላ በአንድ እርጥብ አክርማ ጫፉ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይጠቀለላል፤ የጥፍር ርዝመት ያህል። ከዚያ ያ የተጠቀለለው ይታጠፍና ቀንድ አውጣ ይመስል ራሱ ላይ ይዞራል። ወስፌው መሀሉን ወግቶ ያልፋል፣ አክርማው በቀዳዳው ይገባል፣ ይሳባል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች ላይ ጥፍር ይጠፋል። ከሦስተኛው በኋላ ስፌቱ ራሱ እጅን ይመራል። አክርማው ደግሞ አንድ ጊዜ ተነክሮ አይቀርም፤ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሎ ጉልበት ላይ ይቀመጣል፣ አንድ አንድ እየተመዘዘ። ይህችን የጨርቅ ነገር መጽሐፉ አያውቃትም። ለጨርቋ ብቻ ብሄድ አይቆጨኝም ነበር።

የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ ስፌት ከወለል እስከ ጣሪያ ተሰቅሎ ያየ ሰው መጽሐፉ ላይ ያለው አንድ ዓይነት ንድፍ ትንሽ ይመስለዋል። መጽሐፉ ስፌትን እንደ ቀላል የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው የሚያቀርበው። አይደለም። ያሳዩኝ እናት አንድ ትልቅ ስፌት ወራት ይፈጃል አሉኝ።

ጊዜ ተርፎኝ ሸሪፍ ሙዚየም ገባሁ። የቁርኣን ጥራዞቹን ነበር ማየት የፈለግሁት። ሐረር መጽሐፍ ይገለበጥባትና ይጠረዝባት የነበረች ከተማ ናት። የቆዳው ሽፋን በስተግራ በኩል ተራዝሞ እንደ ፖስታ ክዳን ታጥፎ የገጾቹን ጫፍ ይሸፍናል። አቧራ አይገባም፣ ጠርዙ አይላላጥም። ቆዳው ላይ ንድፉ በማኅተም ተረግጦ የወጣ ነው። ረጅም ጊዜ ቆሜ የጀርባውን መታጠፊያ አየሁ። ለምግቡ መጽሐፍ ያችን ክዳን ልሠራለት ወሰንኩ፤ ኩሽና ውስጥ ከሱ የበለጠ የሚያስፈልገው የለም።

ስመለስ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ አለፍኩ። ልብስ ሰፊዎቹ በሁለቱም በኩል መኪናቸውን እያንጫጩ ይሰፋሉ፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። አንዱ ወፍራም የሸራ ቁርጥራጭ በ200 ብር ሰጠኝ። ለሦስቱም መጻሕፍት ሽፋን ይበቃል።

6ኛ ሳምንት

ፍቅር እስከ መቃብር።

በፍርሃት ነው የጀመርኩት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ያላነበበው ሰው እንኳ በሬዲዮ ሰምቶታል። አባቴ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ሰፈሩ ሁሉ አንድ ሬዲዮ ከቦ ይሰማ እንደነበር ይነግረናል። የቤተ መጻሕፍቱ ቅጂ እንዲህ የተገነጣጠለው ብዙ ሰው ስለያዘው ነው። የኅዳግ ምልክቶቹ ብቻ አራት ዓይነት ቀለም አላቸው።

ይሄኛው በክር አይሰፋም። ገጾቹ በጥራዝ የታጠፉ ሳይሆኑ ነጠላ ቅጠል ናቸው፣ በሙጫ ብቻ የተያዙ። ስለዚህ ዘዴው ይህ ነው። ገጾቹን በሙሉ ጠርዛቸውን አስተካክሎ በሁለት እንጨት መሀል ማሰር፣ ጀርባቸው ወደ ላይ። ገጾቹን ወደ ቀኝ ጎንበስ ማድረግ፤ እንደ መጫወቻ ካርታ ሲበተን እያንዳንዱ ገጽ ከበታቹ ካለው ክር ያህል ያፈገፍጋል። በዚያ ላይ ስስ ኮላ መቀባት። ወደ ግራ አጎንብሶ መድገም። አሁን እያንዳንዱ ገጽ ጫፉ ብቻ ሳይሆን ዳሩም ጎረቤቱን ይዟል። ከዚያ አቡጀዲ።

ከዚያ በፊት ግን ጉዳት ደረሰ። ገጾቹ እንደተፈቱ አልጋዬ ላይ በተራ ዘርግቼ እያነበብኩ ነበር። በድሬ ማታ ቬንትሌተር ሳይከፈት አይቻልም። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ማብሪያውን ረስቼዋለሁ። መብራቱ ሲመጣ ቬንትሌተሩ አብሮ ተነሣና ከመቶ በላይ ቅጠል ክፍሉን ሞላው። አንዳንዱ ገጽ ቁጥሩ የተቀደደ ነው። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ዐረፍተ ነገር ከዐረፍተ ነገር እያገጣጠምኩ አስተካከልኩት። ከዚህ በኋላ የተፈታ መጽሐፍ በክሊፕ ይያዛል።

የጎደሉትን ሃያ ሁለት ገጾች ከጓደኛዬ ቅጂ ፎቶ ኮፒ አስደረግሁ፤ በአምስት ብር ሂሳብ 110 ብር። መጀመሪያ ሁለት ገጽ በአንድ ኤ4 ላይ ጎን ለጎን አስነሥቼ መሀሉን ቆረጥኩት። ገጾቹ ሲገለጡ ደረቅ ሆኑ፣ አይተኙም። ያው የቃጫው ነገር ነው። የኤ4 ወረቀት ቃጫ አብዛኛውን ጊዜ በቁመቱ ይሄዳል፤ ለሁለት ሲከፈል በአዲሱ ገጽ ላይ አግድም ይሆናል። አንዱን ገጽ በአንድ ኤ4 ላይ ቀጥ አድርጎ ማንሣትና ዙሪያውን መከርከም ነው። ወረቀት ይባክናል፣ ግን ይተኛል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ስህተቱ የኔ ቢሆንም ሁለተኛውን ዙር አላስከፈለኝም።

አሁን ስለ ልብ ወለዱ። ትምህርት ቤት ሳነበው የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ፍቅር ነበር የያዘኝ። አሁን ጉዱ ካሣ ነው። ከጌቶቹ ወገን ተወልዶ የጌቶቹን ሥርዓት የሚያይ ሰው። የሚናገረውን ሁሉም ይሰማል፣ ግን ስለ እብደቱ ነው የሚያወራው። እኔ ይህን በአሥራ ስድስት ዓመቴ እንደ ጨዋታ ነበር ያነበብኩት። አሁን የሱ ክፍሎች ላይ ስደርስ ኮላውን ትቼ ነበር የማነበው። ቅር የሚለኝ የአንዳንድ ንግግሮች ርዝመት ነው፤ ሦስት ገጽ ሳይተነፍስ የሚናገር ሰው አለ። ግን እነዚያ ገጾች ላይ ነው አራቱም ቀለም ያለው። አንባቢዎቹ ከኔ ጋር አይስማሙም፤ ምልክታቸውን ሳልፍቅ ተውኩት።

ኮላው እስኪደርቅ ከመደርደሪያው ኦሮማይን ተውሼ ነበር። በሁለት ማታ አለቀ። በዓሉ ግርማ እንደ ጋዜጠኛ ነው የሚጽፈው፤ አስመራን በዋናው ገጸ ባሕርይ በጸጋዬ ዓይን ሳያት ሞቅታዋ ይሰማኛል፣ ፍቅረኛው ፊያሜታ ስትገባ ደግሞ ገጹ ራሱ ይፈጥናል። በ1975 ታትሞ ወዲያው ከገበያ እንደተሰበሰበ፣ ደራሲው በየካቲት 1976 ወጥቶ እንደቀረ እያወቁ ማንበብ ከባድ ነው። ቅጂው ደህና ነው፣ ጥገና አይፈልግም።

7ኛ ሳምንት

ለምግቡ መጽሐፍ ክዳን ያለው ሽፋን ሠራሁ። ሸራውን ሁለት ጣት አስረዝሜ፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ ካርቶን አስገብቼ። ሲከደን የገጾቹን ፊት ይሸፍናል። የመጀመሪያው አጠረ፤ መጽሐፉ ሲወፍር እንደሚያጥር አላሰብኩም ነበር። ውፍረቱን በክር ለክቼ ደገምኩት።

የእጅ ሥራው መጽሐፍ ላይ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሥዕል መሀል አንድ ቅጠል ለጠፍኩ። የስፌቱን መነሻ በአራት ትንንሽ ሥዕል ሣልኩ፤ የእርጥብ ጨርቁንም ጻፍኩ። ሥዕሌ ጥሩ አይደለም፣ ግን የወስፌው አቅጣጫ ይለያል።

ለጥገናው ብቻ የወጣው፦ 580 የመጀመሪያው ግዢ፣ 150 ካርቶን፣ 110 ፎቶ ኮፒ፣ 200 ሸራ። 1,040 ብር። የሐረር መንገድና የአክርማው ዋጋ አልገባበትም። ግማሽ ኮላና ሦስት ጧፍ ተርፏል።

9ኛ ሳምንት

ሦስቱም መደርደሪያ ላይ ናቸው። የምግቡ ሁለት ጊዜ ተውሰው መልሰውታል። ዛሬ አየሁት። ስፌቱ ይዟል፣ ጠረጴዛ ላይ ዝርግ ብሎ ይተኛል። ከላይኛው ጫፍ ያለው ቋጠሮ ግን ላልቷል፤ ድርብ ማሰር ነበረብኝ። ፍቅር እስከ መቃብርም መጨረሻው አካባቢ አንድ የፎቶ ኮፒ ቅጠል ተነሥቶበታል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ለስላሳ ስለሆነ ኮላ ቶሎ አይዘውም፤ ዳሩን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ መሞረድ ነበረበት።

ባዶ ገጾቹ ላይ ከኔ ቀጥሎ ሌላ እጅ ጽፏል። ሁልበት መረቅ ነው። አብሹ ሌሊቱን ተነክሮ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ ነጭ አረፋ እስኪሆን ይመታ ይላል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚመታ አልተጻፈም። ከሥሩ በእርሳስ «ስንት ደቂቃ?» ብዬ ጠየቅሁ። ቋጠሮውን ለማሰር ቅዳሜ እመለሳለሁ።